ሠራተኛ የሚኮነው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? የደሴ የነርሲንግ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ያካሄዱት የውል ድርድር (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ የተመዘገበበት ምክንያት

ይህ ጽሑፍ በ2017 ዓ.ም. በደሴ ከተማ በአንድ የግል ኮሌጅ የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች ገና ሳይመረቁ የሥራ ውል ሲቀርብላቸው ያደረጉትን ይዘግባል። ተማሪዎቹ፣ ኮሌጁና ውሉን ያቀረበው የግል ሆስፒታል በስም አልተጠቀሱም፤ ሰዎቹ እንዳይለዩም አንዳንድ ዝርዝር ነገሮች ተትተዋል። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ የተግባር ልምምድ አስተማሪ ስለነበርና ተማሪዎቹም ምክር ይጠይቁት ስለነበር ገለልተኛ ታዛቢ አይደለም፤ ከታች ከሚነገሩት ስሕተቶች አንዱም የራሱ ነው።

ጉዳዩ የተመዘገበው ውጤቱ ያማረ ሆኖ አይደለም። ስለ ነርሶች ደመወዝና መብት ሲነሣ የሚታሰቡት ሥራ ላይ ያሉት ናቸው፤ እዚህ ግን አብዛኛው ነገር ሊቋጭ የነበረው ተማሪዎቹ ጋውን ለብሰው ለልምምድ በሚመላለሱባቸው ወራት፣ «ገና ተማሪ ናችሁ» በሚባሉበት ጊዜ ነበር።

ዳራ

ደሴ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የጤና ተቋሞቻቸው ከተዘረፉባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ የግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አልጋና መሣሪያ እያሟሉ ሲመለሱ ሠራተኛም ይፈልጉ ነበር፤ የተመራቂው ቁጥር ግን ከሚከፈተው ቦታ ይበልጥ ነበር። ክፍሉ 26 ተማሪዎች የነበሩት ሲሆን ከእነዚህ 22ቱ የመጨረሻውን የተግባር ልምምድ የሚያደርጉት በዚሁ ሆስፒታል ነበር። ብዙዎቹ ከወረኢሉ፣ ከደላንታ፣ ከባቲና ከተሁለደሬ የመጡ፣ አንድ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ናቸው። የአንደኛው አባት የመጨረሻውን ዓመት ክፍያ የሸፈኑት በሬ ሸጠው ነበር፤ ልጃቸው ስለ ውሉ በስልክ ሲነግራቸው የመለሱለት «አብሽር ልጄ፣ ሥራው ካለ ደመወዙ አይቀርም፤ ፈርም» ብለው ነው። እንዲህ ያለ የቤተሰብ ምክር በሂደቱ ውስጥ የነበረውን ክብደት አሳንሶ ማየት አይገባም።

በተማሪዎቹ ፊት ሁለት በሮች ነበሩ። አንደኛው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ነው። ሁለተኛው ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ተመራቂዎች የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ምዘና ሲሆን፣ እሱን ሳያልፉ የሙያ ፈቃድ አይገኝም። በሁለቱ መካከል ተመራቂው «ቴምፖ» የሚባለውን ጊዜያዊ ዲግሪ ይዞ የሚቆይበት ክፍተት አለ፤ የቀረበው ውል ያረፈውም በትክክል በዚህ ክፍተት ላይ ነበር።

የቀረበው ሰነድ

በየካቲት ወር አንድ ጠዋት፣ የዋርድ ርክክብ ካለቀ በኋላ፣ ለ22ቱም ባለ አራት ገጽ «የሥልጠናና የሥራ ስምምነት» ታደለና እስከ ዓርብ ፈርመው እንዲመልሱ ተነገራቸው። ሆስፒታሉ ለመውጫ ፈተና የማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚሰጥና ሲመረቁ ያለ ውድድር እንደሚቀጥራቸው ይገልጻል። በምላሹ ተመራቂው ለስድስት ወር በ«ሥልጠና» ላይ ሆኖ በወር 2,000 ብር የኪስ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ከዚያ በኋላ ደመወዙ 6,000 ብር ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቢለቅ 80,000 ብር ይከፍላል፤ ዋናው ቴምፖና ትራንስክሪፕት በሰው ኃይል ክፍል «በአደራ» ይቀመጣል። የሥራ ሰዓቱ «በሆስፒታሉ ፕሮግራም መሠረት» ነው፤ ደመወዙን ለሌላ ሰው መንገርም ያስቀጣል።

ለፍትሐዊነት ሲባል የሆስፒታሉ አቋምም መነገር አለበት። ሥራ አስኪያጁ፣ ራሳቸውም ሐኪም የሆኑ ሰው፣ ከዚያ በፊት የቀጠሯቸው አዳዲስ ነርሶች ሥራ ከለመዱ በኋላ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱባቸው ተቸግረው ነበር። ፈቃድ የሌለውን ሰው እንደ ሙሉ ነርስ መክፈልም ማሠራትም አልችልም የሚለው ክርክራቸው ውሃ የሚያነሣ ነበር፤ በኋላ እንደምናየው ድርድሩን የለወጠውም ይኸው ክርክር ነው።

ችግሩ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን፣ ከሥራ መልመጃ ውል (ሙያ ለመልመድ በቀጥታ ከአሠሪ ጋር ከሚደረግ ውል) በስተቀር፣ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ ያደርጋል። ስለዚህ በልምምድ ላይ ያለ ተማሪ በዚህ አዋጅ መሠረት ሠራተኛ አይደለም፤ ይህ አያከራክርም። አከራካሪው ሰነዱ ከምረቃ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራትም «ሥልጠና» ብሎ መሰየሙ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ስያሜ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የዓመት ፈቃድ፣ የጡረታ መዋጮ ሁሉ ከስድስት ወር በኋላ ብቻ ይጀምራሉ። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም በመሠረቱ ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ያለው መብት አለው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይዘውት የመጡት ጥያቄ ግን ይህ አልነበረም፤ የሚያወሩት ስለ 6,000 ብሩ ብቻ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው ሰኞ ገበያ አካባቢ በሁለት ሴት ተማሪዎች የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። የጦሳ ጭጋግ ወርዶ መንገዱን ስለሸፈነው ግማሾቹ ዘግይተው ደረሱ። አቦሉ ተቀድቶ እስኪጠጣ ድረስ የተሰማው ቁጣ ብቻ ነበር፤ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብለው ሊወጡ የተነሡም ነበሩ። ነገሩ መልክ የያዘው አንዲት ተማሪ ፒያሳ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ያስወጣችውን የአዋጁን ቅጂ አውጥታ ደብተሯን በሦስት ዓምድ ስትከፍል ነው፤ በአንደኛው «ወረቀቱ የሚለው»፣ በሁለተኛው «አዋጁ የሚለው»፣ በሦስተኛው «የምንጠይቀው» ብላ ጻፈች። እስከ በረካው ድረስ አሥራ አንድ መስመር ሞላ። የጽሑፉን ረጅም ክፍል ለዚህ ደብተር መስጠት ይቻል ነበር፤ በኋላ የተደረገው ድርድር ሁሉ ከእነዚያ መስመሮች ውጪ እምብዛም አልወጣም።

ለምሳሌ በ80,000 ብሩ ፊት ለፊት የተጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢለቅ እንኳ የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። በ«ፕሮግራም መሠረት» ፊት ለፊት ደግሞ በቀን 8 ወይም በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ገደብና የትርፍ ሰዓት ተመኖቹ ሰፈሩ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። በ6,000 ብሩ ፊት ለፊት ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ቀረ። በግል ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም፤ አዋጁ ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ከመደንገግ አላለፈም። ተማሪዎቹ ሕጉ በደመወዙ መጠን ላይ እንደማያግዛቸው ያወቁት በዚህ ባዶ ቦታ ነው።

ስለዚህ ለደመወዙ ሌላ ማነጻጸሪያ ፈለጉ። በሌላ የግል ተቋም የሚሠሩ አንዲት ሲስተር ስማቸውን በእስክሪብቶ ሰርዘው የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀታቸውን አሳዩአቸው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጀማሪ ባለ ዲግሪ ይከፈል የነበረው 6,940 ብርም ተመዘገበ። ከዚያ የተጣራውን ማስላት ተማሩ፤ ከጠቅላላ ደመወዝ 7 በመቶ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል፣ አሠሪው በራሱ በኩል 11 በመቶ ይጨምራል፣ የሥራ ግብሩ ደግሞ በደረጃ ይሰላል። በጊዜው በነበረው ስሌት 7,500 ብር ደመወዝ 1,310 ብር ግብርና 525 ብር ጡረታ ተቀንሶለት 5,665 ብር ሆኖ እጅ ይገባል። ከዚያ ቀን በፊት ጠቅላላ ደመወዝና የተጣራውን ለይተው የማያውቁ ተማሪዎች ነበሩ፤ የነርሲንግ ሥርዓተ ትምህርት አንድ ሰዓት እንኳ ለዚህ አለመመደቡ ጸሐፊውን ዛሬም ይከነክነዋል።

ዓርብ ሲደርስ አምስት ተማሪዎች ፈርመው መልሰው ነበር፤ አሥራ ሰባቱ «አንብበን እስክንጨርስ ጊዜ ይሰጠን» የሚል ባለ ሦስት መስመር ጥያቄ በፊርማቸው አስገቡ። ሆስፒታሉ ዝም አለ። በዚህ መካከል ጸሐፊው፣ ተማሪዎቹን እጠብቃለሁ ብሎ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው የመንግሥት ክፍል ስም የሌለው ደብዳቤ እንዲጻፍ መከረ። ክፍሉ አመልካቹ ያልታወቀ ጉዳይ ለማየት እንደሚቸገር ገለጸ፤ የደብዳቤው ወሬ ግን ሆስፒታሉ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ከደብዳቤው ይዘት ይልቅ ማን ጻፈው በሚለው ላይ ሦስት ሳምንት አጠፉ፤ ሁለት ተማሪዎችም ያለ ጥፋታቸው ተጠርተው ተጠየቁ። ምክሩ ስሕተት ነበር። ስም መደበቁ ተማሪዎቹን አልጠበቃቸውም፤ ሁሉንም እኩል ተጠርጣሪ አደረጋቸው እንጂ።

ግንቦት ላይ በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሠሩ ባለሙያዎች ያነሡት የደመወዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ በየቦታው ሥራ እስከ ማቆም ደረሰ። ተማሪዎቹ በዚህ ጊዜ ሊከፋፈሉ ነበር፤ አንዳንዶቹ ጉዳያቸውን ከዚያ ጋር ለማያያዝ ፈለጉ። በመጨረሻ ለይተው እንዲይዙት ተስማሙ። አንደኛው ምክንያት የእነሱ ጥያቄ ከአንድ አሠሪ ጋር የሚደረግ ያልተፈረመ ውል መሆኑ ነው። ሌላው አዋጅ 1156 ሆስፒታልን፣ ክሊኒክንና መድኃኒት ቤትን ሥራ ማቆም ከተከለከለባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች መካከል መቁጠሩ ነው፤ በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ሰው ዋናው አቅሙ ከመፈረሙ በፊት ያለው ነው የሚለውን ሐሳብ ያነሣችው ያችው ደብተር ያዥ ነበረች።

ዋናው ስብሰባ የተደረገው በሰኔ መጀመሪያ፣ አሥራ ሰባቱም ስማቸውን ጽፈው በጠየቁት መሠረት፣ የኮሌጁ ተወካይ ባለበት ነው። ሥራ አስኪያጁ «ፈቃድ የሌለው ሰው ሠልጣኝ እንጂ ሠራተኛ አይደለም» በሚለው ጸኑ። ለጥቂት ጊዜ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ከዚያ ደብተር ያዧ ተማሪ እንዲህ አለች፦

«ዶክተር፣ እንደሚሉት ይሁን። ሠልጣኝ ከሆንን ሌሊት ብቻችንን ዋርድ ላይ አንመደብም፤ መድኃኒትም ያለ ተቆጣጣሪ አንሰጥም። ይህን በወረቀቱ ላይ ይጻፉልን። ብቻችንን የምንመደብ ከሆነ ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሠራተኞች ነን።»

ሥራ አስኪያጁ የሌሊት ፕሮግራሙን አስመጥተው ተመለከቱ። ከተመራቂዎቹ ቢያንስ ስድስቱ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሌሊት እንዲመደቡ የታቀደ መሆኑን ማትሮኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ራሳቸው ተናገሩ። ክርክሩ የተቃና ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪዋ የተናገረችው ቀድማ አዘጋጅታው አልነበረም፤ ከደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ ውስጥም የለም።

የተገኘው

አዲሱ ውል የስድስት ወሩን ሥልጠና በ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ተካው። ደመወዙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 7,500 ብር ሆነ፤ ተማሪዎቹ የጠየቁት 9,000 ነበር። ዋናው የትምህርት ማስረጃ ታይቶና ኮፒው ተመሳክሮ ለባለቤቱ ይመለሳል። ፈቃድ ያላገኘ ተመራቂ ፈቃድ ካለው ነርስ ጋር ካልሆነ ሌሊት አይመደብም። መልቀቂያን በተመለከተ የ80,000 ብሩ ሐረግ ወጥቶ «በሕግ መሠረት» የሚል ገባ። ሆስፒታሉ ገንዘቡ የሥልጠና ወጪ ነው ብሎ ሲከራከር ተማሪዎቹ የወጪውን ዝርዝር ጠይቀው ነበር፤ ዝርዝሩ አልመጣም።

ያልተገኘው

ሆስፒታሉ በአዲሱ ስሌት 22 ሰው መቅጠር አልችልም ብሎ ቦታውን ወደ 14 ቀነሰ። ቀድመው የፈረሙት አምስቱ ተቀጠሩ፤ ከአሥራ ሰባቱ ዘጠኙ ብቻ ገቡ። ውጪ ከቀሩት ስምንት አንዱ የአሥራ ሰባቱን ኮሚቴ የመራው ልጅ ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ በአንድ ክሊኒክ ይሠራል። የድርድሩን ዋጋ ከጥቅሙ ይበልጥ የከፈሉ ሰዎች መኖራቸውን ሳይናገሩ ይህን ጉዳይ እንደ ድል ማውራት ትክክል አይሆንም። አምስቱ ደግሞ ለሁለት ወራት በአሮጌው ውል ቆይተው ነው ወደ አዲሱ የተዛወሩት፤ ከእነሱ አንዱ መልቀቅ ሲፈልግ ቴምፖውን ለማስመለስ ሳምንታት ተመላልሷል።

በቃል የተገባ ነገር ሁሉ ቀረ። የሌሊት ተረኞች ትራንስፖርት ቃል ተገብቶ አልተጻፈም፤ አልተሰጠምም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በውሉ ውስጥ ቢጻፍም ቀን አልተቆረጠለትም ነበር። ክትባቱ በሦስት ዙር፣ ከመጀመሪያው አንድ ወርና ስድስት ወር ቆይቶ የሚሰጥ ስለሆነ ሁለቱ ዙሮች ተሰጥተው ሦስተኛው ጊዜው ሲደርስ ሳይሰጥ ቀረ። በየቀኑ መርፌ ለሚይዝ ሰው ይህ ከደመወዝ ያነሰ ጉዳይ አይደለም።

ትልቁ ጉድለት የታየው ግን ከወራት በኋላ ነው። በሐምሌ 2017 ሥራ ላይ የዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ስላሳደገው የ7,500 ብሩ የተጣራ ከ5,665 ወደ 5,950 ብር ከፍ አለ፤ ሁሉም ተደሰቱ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ግን የመንግሥት ሠራተኞች ስኬል ሲሻሻል የጀማሪ ባለ ዲግሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ደረሰ። ተማሪዎቹ የተከራከሩት ከ6,940 በላይ ለመሆን ነበር፤ ደመወዙ በየስንት ጊዜው ይታያል የሚል አንቀጽ ግን አላስገቡም። ጸሐፊውም አላስታወሳቸውም። ሆስፒታሉ «ውሉ ላይ ያለው 7,500 ነው» ሲል ልክ ነበር።

ለሌሎች የሚተርፉ ነጥቦች

በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ላለ ተመራቂ ክፍል ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው የመጀመሪያው ነገር የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ሥራው ከየትኛው ቀን እንደሚጀምርና እስከዚያ ድረስ ተመራቂው ምን ምን እንደማይሠራ ሳይጻፍ ስለ ብር መከራከር ከንቱ ነው፤ «ሥልጠና» የሚለው ቃል ባለበት ውል 7,500 ብሩም ለስድስት ወር አይደርስም። የጋራ ጥያቄ በስምና በፊርማ፣ በአጭሩ፣ ቅጂው ለራስ ቀርቶ መግባት አለበት። ደመወዝ የሚከለስበት ጊዜ፣ ክትባት የሚሰጥበት ቀንና የሌሊት መጓጓዣ ሦስቱም በውሉ ላይ በቀንና በቁጥር መስፈር አለባቸው።

ኮሌጆችን በተመለከተ፣ የልምምድ ቦታ የሚሰጥ ተቋም በዚያው ጊዜ የቅጥር ውል ሲያቀርብ ተማሪው ስለ ልምምድ ነጥቡ መፍራቱ አይቀርም። ከአምስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ በኋላ የነገሩን ይህንኑ ነው። ነጥቡ ተዘግቶ እስኪገባ ድረስ ውል እንዳይቀርብ ከተቋሙ ጋር መስማማት ለኮሌጅ ወጪ የሌለው ነገር ነበር።

ከተቀጠሩ በኋላ ደግሞ መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ደብተር ያዧ ከተቀጠሩት ዘጠኙ አንዷ ናት። ሦስቱን ዓምዶች ትታ አሁን ቀን፣ የገባችበትን ሰዓትና የወጣችበትን ሰዓት ትጽፍበታለች። ነሐሴ ላይ ተረካቢዋ ስለቀረች ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት የቆየችበት አንድ ቀን አለ። 7,500 ብሩን ለ208 የወር ሰዓት አካፍላ በሰዓት 36 ብር ገደማ፣ በ1.5 አባዝታ 54 ብር ገደማ፣ ለአራቱ ሰዓት 216 ብር ገደማ ብላ ከጎኑ ጽፋለች። የቀረ ሠራተኛን መተካት አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራን ከሚፈቅድባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ሰዓቱም ሥራውም አላከራከረም። ብሩ የተከፈላት በጥር ነው፣ ገጹን ኮፒ አድርጋ ካስገባች ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ።